ሊቀ ወሰን ራዲቮይና አራት መቶው ጭስ

እግዜር አገር ሲፈጥር ተራራውንና ወንዙን አስቀምጦ ዕረፍት ወጣ። ክፍለ ሀገር፣ አውራጃ፣ ወረዳ የሚባለውን ጣጣ የጨመረው የሰው ልጅ ነው። የሰው ልጅም በዚህ አልበቃውም፤ የጨመረውን ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ በየመንደሩ ተከለ። እናንተም ዘንድ አለ፤ አትካዱ። መንገድ ስትጠይቁት መንገዱን ትቶ መንገዱ የየትኛው ወረዳ እንደሆነ የሚነግራችሁ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሟቹን የትውልድ አውራጃ የሚያርም፣ ካርታ ሲያይ ፊቱ የሚበራ ሰው።

ለእኛ ለጎርና ሊፓ ሰዎች የደረሰን ግን ከሁሉም የባሰው ነው፤ ያውም አጥር ለአጥር የሚጎራበተው ከእኔ ጋር። ስማቸው ራዲቮይ ነው። እኔ እዚህ ጋዜጣ ላይ «ሊቀ ወሰን» የሚል ማዕረግ ከሰጠኋቸው ሦስት ዓመት አለፈኝ። ለማሾፍ ነበር የሰጠኋቸው። እሳቸው ግን የምር ወስደውት በደብዳቤ ወረቀታቸው ራስጌ ላይ አሳትመውታል።

ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ ስምንቱን ዓመት ፖስታ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ሲለዩ ኖረዋል። በአገራችን በብርዳቪያ ይህ ሥራ ቀልድ አይደለም። እዚህ አገር መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ምድሩን እንደ ሊጥ ጠፍጥፎ እንደገና ይቆርጠዋል። በንጉሡ ጊዜ ዘጠኝ ክፍለ ሀገር ነበርን። ጓዶች መጡና ክፍለ ሀገር የፊውዳል ነው ብለው ሠላሳ ሦስት አውራጃ አደረጉን። ጓዶች ሄዱና አውራጃ የጓዶች ነው ተብሎ መቶ ስምንት ወረዳ ሆንን። ከዚያ አማካሪዎች መጥተው «ቀጠና» የሚባል ነገር ጨመሩልን። ቀጠናው ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ሹፌር ግን አለው። የእኔ ቤት ከቆመችበት አንድ ጋት ሳትነቃነቅ አምስት ጊዜ አድራሻ ቀይራለች። በእያንዳንዱ ለውጥ ሊቀ ወሰን የደብዳቤ መደርደሪያውን ስም እየፋቁ እንደገና ይጽፉ ነበር። ከመደርደሪያው የተፋቀው ሁሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ቀረ።

እስቲ ይህን ስሙ። አንድ ቀን ስንዴዬን ጭኜ ስወጣ፣ «አጎቴ ራዲቮይ፣ ድልድዩ ተዘግቷል አሉ፤ ወፍጮ ቤት በየት በኩል ልሂድ?» አልኳቸው።

«በየትኛው አከፋፈል?»

«ኧረ ስንዴ ላስፈጭ ነው!»

«በንጉሡ አከፋፈል ከሆነ ወፍጮ ቤቱ ሌላ ክፍለ ሀገር ነው፤ የኬላ ቀረጥ አለብሽ። በጓዶቹ ከሆነ ያንቺው አውራጃ ነው፤ ግን ወፍጮው የሕዝብ ስለሆነ ተራ ትጠብቂያለሽ።»

ያን ቀን ዳቦ ገዝቼ ገባሁ።

«ወረቀት አለው» ይላሉ ሲከራከሩ። ሁሉም ነገር ወረቀት አለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኝ ወረቀት ሲይዝ ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አይናገርም። የእኔን ጎረቤት ያላየ ሰው ነው የተረተው።

ባለፈው መከር አንዲት የመቶ ዓመት አሮጊት ቀበርን። ቄሱ «በፕሪሶይ አውራጃ ተወልደው» ብለው ሲጀምሩ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

«ይቅርታ አባታችን! እሳቸው ሲወለዱ ፕሪሶይ አውራጃ አልነበረችም። ምክትል ወረዳ ነበረች፤ ያውም የእኛ!»

ቄሱ መጽሐፋቸውን አጠፉ። «ራዲቮይ፣ እህታችን አሁን የሚሄዱበት ቦታ አውራጃ የለውም።»

«እሱን አባታችን በምን ያውቃሉ?»

ፕሪሶይ ማለት ከወንዙ ማዶ ያለችው ከተማ ናት። ስለ ፕሪሶይ ሰዎች ክፉ መናገር አልወድም፤ ስለዚህ ስለነሱ አልናገርም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ በአንድ ጋብቻ ላይ መዝጋቢው እንደ ደንቡ «ተቃውሞ ያለው ይናገር» ሲል ሊቀ ወሰን ከወንበራቸው ተነሱ። የሙሽራይቱ እናት ራሷን ልትስት ደረሰች። «ሙሽራውን አልቃወምም፣ ደኅና ልጅ ነው» አሉ፤ «የምቃወመው ማኅተሙን ነው።» ማኅተሙ ሲታይ ከሠላሳ ዓመት በፊት የፈረሰ አውራጃ ማኅተም ሆኖ ተገኘ። በዚያ ማኅተም የተጋባን ሁሉ እንደገና እስክንፈርም ድረስ በሕግ ፊት አልተጋባንም ማለት ነው። እኔና ባሌ ኦግኒያን ለአንድ ሳምንት ላጤ ሆነን ሰነበትን። ኦግኒያን ያቺን ሳምንት እስከ አሁን ድረስ በፈገግታ ነው የሚያነሳት፤ ምን እንዳስደሰተው ጠይቄው አያውቅም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ባለፈው ጥር፣ ቀትር ላይ፣ ኦግኒያን የባቄላ ሾርባውን እየጠጣ ደረቱን ይዞ ከወንበሩ ወደቀ። ለአምቡላንስ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «የእናንተ ቤት በእኛ መዝገብ ፕሪሶይ ሥር ነው፤ መኪናው ከፕሪሶይ ይነሳል» አለችኝ። በበረዶ ጊዜ ድልድዩ ስለሚዘጋ ከፕሪሶይ እኛ ዘንድ የሚመጣው ተራራውን ዞሮ ነው፤ ሰባ ደቂቃ። እሪ አልኩ። ሊቀ ወሰን እሪታዬን ሰምተው በጓሮ በር ገቡና ስልኩን ከእጄ ነጠቁ።

«ስሚ ልጄ። በመጨረሻው አከፋፈል፣ አንቀጽ አሥራ አራት፣ ከድሮው የወንዝ ፈለግ ወዲህ ያለው ሁሉ የጎርና ሊፓ ነው። መዝገባችሁ ተሳስቷል። የእኛ ሐኪም ሁለት መንገድ አልፋ ናት ያለችው፤ አሁን እሷን ላኪ፣ መዝገቡን ነገ ታርሚያለሽ። ስምሽ ማን ይባላል?»

ሐኪሟ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ደረሰች። «ሃያ ደቂቃ ቢሆን ኖሮ...» ብላ ጀምራ ተወችው። ኦግኒያን ዛሬ አለ፤ ይህን ስጽፍ ጓሮ ቲማቲም ያጠጣል።

አላመሰገንሻቸውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። በማግስቱ የለውዝ ኬክ ጋግሬ በራቸውን አንኳኳሁ። ከፈቱና «ዴሳንካ፣ ትናንት አምቡላንሱ ሲዞር አጥርሽን አየሁት» አሉኝ፤ «አሥራ አንድ ጣት ወደ መንገዱ ገብቷል።» ኬኬን ይዤ ተመለስኩ። እኔና ኦግኒያን በላነው።

መርዶው በግንቦት መጣ። መንግሥት «ወረዳ በዛ» አለ። እውነቱን ነው፣ በዝቷል። ትንንሾቹ እየታጠፉ ወደ ጎረቤታቸው እንዲገቡ ተወሰነ፤ እኛ ወደ ማን እንደምንገባ መናገር አያስፈልገኝም። ወረዳው ሲታጠፍ ማኅተሙ ይሄዳል፣ አስተዳዳሪውም ይሄዳል፤ ይሂዱ። ነገር ግን ሐኪምና አምቡላንስ የሚመደበው ለወረዳ ነው፤ ወረዳ ካልሆንን ሐኪሟም ትሄዳለች። ሌላው ሰው በየመሸታ ቤቱ ስለ ጎርና ሊፓ ክብር ጠረጴዛ ሲመታ እኔ የማስበው ስለ ኦግኒያን ልብ ነበር። አሥራ ሁለት ደቂቃ ምን እንደሆነ፣ ሰባ ደቂቃም ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ለዕረፍት ቸኩለው ኖሮ የንጉሡን ዘመን ሕግ ገልብጠው «ንጉሡ» የሚለውን «ሚኒስቴሩ» በሚል ተክተው አወጡት። ሌላውን ግን እንዳለ ተዉት፤ አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ሚኒስቴሩ እስከ ዛሬ ዘውድ ይደፋል። በንጉሡ ጊዜ ደግሞ ግብር የሚጣለው በጭስ ነበር። «ስንት ጭስ ናችሁ?» ማለት «ስንት ቤተሰብ ናችሁ?» ማለት ነው። እሷም ቃል እንዳለች ቀረች። እንዲህ ይላል፦ «ከአራት መቶ ጭስ የማያንስ ወረዳ ባለበት ይጽና። ጭሱም በሐምሌ ወር፣ ከከፍታ ቦታ፣ ከፀሐይ መውጫ እስከ ቀትር ደወል፣ ከማውጫው ሲወጣ በዓይን ታይቶ ይቆጠር።»

አስተዳዳሪያችን ስሬተን ሕዝቡን ሰብስቦ ይህን አነበበና ወረቀቱን አስቀመጠ። «ሁለት መቶ ስልሳ አንድ ቤተሰብ ነን። ከየት አባታችን አራት መቶ እናመጣለን? አበቃልን፣ ወገኖቼ።»

አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ ከኋላ ያ የማውቀው እጅ ወጣ። እኔ «ወይኔ፣ አሁን ደግሞ የአዳራሹን ወሰን ሊያርሙ ነው» አልኩ።

«ስሬተን፣ ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ ቤተሰብ የሚል አየህ?»

«ጭስ ነው የሚለው፤ ጭስ ማለት ግን አጎቴ ራዲቮይ...»

«ማለት አትበለኝ። የሚለውን በለኝ።»

«ጭስ፣ በዓይን ታይቶ።»

«አንተ ቤት ስንት ጭስ ማውጫ አለ?»

ስሬተን በጣቱ ቆጠረ። «የቤቱ አንድ። የጓሮ ማድ ቤቱ ሁለት። ሥጋ ማጨሻው ሦስት። ከዚያ ያቺ...» ብሎ ዋጠው። ያቺ የፕለም አረቄ ማውጫው ነበረች፤ ፈቃድ የላትም።

«ፈቃድ የሌለው ጭስም ጭስ ነው» አሉ ሊቀ ወሰን።

እንዲህ ያለ ጭብጨባ በዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም። ሰው እየተነሳ በድፍረት ያለውን ይናገር ጀመር፤ አንዱ ሁለት አረቄ ማውጫ፣ አንዱ ሦስት። ቄሱ ራሳቸው አንድ አሳወቁ። ይህን ሁሉ ዓመት አረቄ ገዝተን ስንጠጣ የኖርን እኔና ኦግኒያን ብቻ ነን መሰለኝ።

ሊቀ ወሰን ለሚኒስቴሩ በማዕረጋቸው ወረቀት ጻፉ። የአገሪቱ ምክር ቤት እስከ መስከረም ዝግ ስለሆነ ሕጉ እንደተጻፈ ይፈጸማል የሚል መልስ መጣ። ከዚያ ደብተራቸውን ይዘው ሁለት ሳምንት ቤት ለቤት ዞሩ። በየጓሮው ገቡ፣ በየጭስ ማውጫው አንገታቸውን አስገቡ። እኔም ዘንድ መጡ።

«ያ የድሮ የዳቦ ምድጃ ጭስ ማውጫ አለው አይደል?»

«ዶሮ ቤት ነው አጎቴ። ዶሮዎቼ ዕንቁላል ሊጥሉ ነው፤ ተዉአቸው።»

«አይነድም?»

«አይነድም! ባለቤቷ ከተለመነች ይነዳል፣ እኔ ግን አልለመንም።»

ጻፉት፣ ሰረዙት፣ ሄዱ። የደብተራቸው ድምር አራት መቶ ሁለት መጣ። ሁለት ትርፍ። ስሬተን ቁጥሩን የወረዳው በር ላይ ለጠፈው፤ ሰው እያለፈ ይስመው ነበር።

በቆጠራው ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ እንጨት ሲፈለጥ በየቦታው ተሰማ። በሐምሌ ሙቀት፣ ወፍ እንኳ ጥላ በሚፈልግበት ወር፣ ጎርና ሊፓ ሁለመናዋን አነደደች። ምድጃው፣ ማጨሻው፣ የቃሪያ መጥበሻው፣ አረቄ ማውጫው አንድ ላይ ጨሰ። ሴቱ ላብ በላብ፣ ወንዱ ጥላሸት በጥላሸት። ማዶ ያሉት የፕሪሶይ ሰዎች ከተማው የተቃጠለ መስሏቸው የእሳት አደጋ መኪናቸውን እያስጮሁ ላኩ። ድልድዩ ጫፍ ላይ ሊቀ ወሰን እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው።

«ወዴት ነው?»

«ኧረ አባት፣ እየነደዳችሁ ነው!»

«እናውቃለን። በሕግ ነው የምንነደው። ወደዚህ ወረዳ ለመግባት የጽሑፍ ጥያቄ ቀርቦላችኋል?»

መኪናዋ ድልድዩ ላይ ቆማ ቀረች። አረቄ ላክንላቸው። ልባሞች ናቸው፣ ልንገራችሁ፤ መሳቅ ሲጀምሩ አላቆሙም፤ እኔም ስለ ፕሪሶይ ሰዎች ያልተናገርኩትን ሁሉ በልቤ ይቅር አልኩ።

ከዋናው ከተማ የተላኩት ኮሚሽነር ወይዘሮ ቬሴልካ ነበሩ፤ ቀጭን፣ የማይስቁ፣ አጉሊ መነጽር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ። ደወል ቤቱ አናት ላይ ወጡ፤ ስሬተን፣ ሊቀ ወሰንና እኔም አብረን ወጣን፤ እኔ ለጋዜጣው። እያንዳንዱን ጭስ እያዩ በካርታ ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። ከታች ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ያያል።

ያልታሰበው ደረሰ። አንድ ሥጋ ማጨሻ ጣሪያው ተደረመሰ። አንድ አረቄ ማውጫ ፈነዳ፤ ባለቤቱ ሳይጎዳ ራሱን ይዞ ሲሮጥ አየሁት። የአንዲት ባልቴት ጭስ ደግሞ ነፋስ ስለመታው ከማውጫው ሳይሆን በመስኮት መውጣት ጀመረ። ሦስት ሄደ። ስሬተን ከአጠገቤ በሹክሹክታ ይቆጥራል።

ለቀትር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ወይዘሮ ቬሴልካ ካርታቸውን ሁለት ጊዜ ደምረው ቀና አሉ። «አራት መቶ።»

ስሬተን ጮኸ። ከታች ሕዝቡ ተቀበለው። እኔ ማንን እንዳቀፍኩ አላውቅም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እጅ ወጣ።

«ይቅርታ፣ ክብርት ኮሚሽነር። አንዱ ልክ አይደለም።»

«የቱ?»

«ያ ጠርዙ ላይ ያለው፣ ባለ ቀይ ጡቡ። የወረዳው ድንበር የሚሄደው በዛሬው ወንዝ ሳይሆን በድሮው ፈለግ ነው፤ ፈለጉ ደግሞ በዚያ ቤት ወለል ሥር ያልፋል። ደጃፉና አልጋው የጎርና ሊፓ ነው፤ ምድጃው ግን የፕሪሶይ ነው። ወረቀት አለው።»

ወይዘሮ ቬሴልካ ካርታውን አጎንብሰው አዩ። «የማን ቤት ነው?»

«የእኔ።»

ደብተራቸው ላይ የራሳቸውን ቤት ከመጀመሪያውም አልጻፉትም ነበር፤ የጨሰው የጠዋት ባቄላቸው ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ያውቁ ነበር። ለአንድ ነፍስ ትንፍሽ ሳይሉ።

ስሬተን ኮታቸውን ጨምድዶ ያዘ። «አጎቴ ራዲቮይ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው... ማን ያውቅ ነበር? ማን ይጠይቅ ነበር?»

«እኔ አውቃለሁ። ነገ ፕሪሶዮች ይህን ቢያገኙ ቆጠራው ሁሉ ይፈርሳል። ልጅ፣ ኮቴን ልቀቅ።»

«ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ» አሉ ኮሚሽነሯ። «እስከ ደወሉ አሥራ አንድ ደቂቃ አለ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ንዴቴን ብታዩት! ልገፋቸው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ አጥሬን፣ ኬኬን፣ ኦግኒያንን፣ ሁሉንም አንድ ላይ አሰብኩ። እሳቸው ግን በተለመደው የፖስታ ቤት ድምፃቸው፣

«ዴሳንካ፣ የዶሮ ቤትሽ» አሉኝ።

የሆነውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ በቤት ጫማ፣ የደወል ቤቱን ደረጃ ሦስት ሦስት እየዘለልኩ ወረድኩ። መንገዱን ሮጥኩ። ያቺን «አልለመንም» ያልኳትን ቃሌን በየእርምጃው ረገምኳት። ጓሮ ስደርስ ኦግኒያን የደወል ቤቱን ጩኸት ሰምቶ ገብቶታል መሰለኝ ዶሮዎቹን በክንፋቸው እየያዘ ወደ ውጭ ይወረውራል። «አትሩጥ! ልብህ!» አልኩት። «አንቺም አትጩኺ፣ እንጨት አምጪ!» አለኝ።

እንጨቱ ሁሉ ሌላው ምድጃ ውስጥ ነዷል። ያገኘሁት የዚህ ጋዜጣ የቆየ እትም ብቻ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በሊቀ ወሰን ራዲቮይ ላይ ያሾፍኩባቸው ጽሑፎች፣ በክምር ታስረው። ሁሉንም ከተትኩ። እሳቱን ለኮስኩ። ያዘ። ግን ጭሱ በበሩ ወደ እኛው ዓይን ተመለሰ፤ ማውጫውን የወፍ ጎጆ ዘግቶታል።

«በማውጫው ነው መውጣት ያለበት!» የሚል ድምፅ ከደወል ቤቱ አናት መጣ። የማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ኦግኒያን የባቄላ ማቆሚያ እንጨት ነቅሎ ከላይ ሰደደበት። አንዴ፣ ሁለቴ። ጎጆው ወረደና ጋዜጣው ላይ ወድቆ ቦግ አለ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ የቆሸሸ፣ የላባ ሽታ ያለው ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጣ። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ያለ የሚያምር ነገር አላየሁም። ከዚያ ደወሉ መታ።

ወይዘሮ ቬሴልካ ከላይ ምን እንዳሉ ከጩኸቱ የተነሳ አልሰማሁም። ስሬተን ግን ጉንጫቸውን ስሞ ጥላሸት እንዳደረገባቸው፣ እሳቸውም እንዳልጠረጉት ሰምቻለሁ። የእሳት አደጋ መኪናዋን ወደ ከተማው አስገባናት፤ ጋቢናዋ ላይ ልጆች ተንጠልጥለው ሳይረን እያስጮኹ አደባባዩን ስድስት ጊዜ ዞሩ። ሁላችንም ከጥርሳችን በቀር ጥቁር ነበርን። ሐኪሟን በወንበር ተሸከምናት። የጎርና ሊፓ ወረዳ ጸንታለች! ኦግኒያን ክራር መምታት ባያውቅበትም ከአንዱ ነጥቆ መታ፤ ሐኪሟ «ተቀመጥ» ብትለው እንኳ አልሰማትም።

ሊቀ ወሰን ጭፈራው ላይ አልነበሩም። ደክሟቸው ነው ብለን አሰብን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጸናንበት ደብዳቤ መጣ፤ ከሥሩ ግን አንድ መስመር ነበረች። በዚያው በገለበጡት ሕግ ሰው ጭሱ የሚወጣበት ወረዳ ሰው ነው፤ ስለዚህ የአቶ ራዲቮይ ቤት በራሳቸው ምስክርነት ወደ ፕሪሶይ ተዛውሯል። ስሬተን ይህን ሲያነብ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቄ ደግሜ አነበብኩት። እኛን ሁሉ በወረዳችን አስቀርተው ራሳቸው ወጡ። በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ብቻቸውን፣ የሐኪማቸውን ሰባ ደቂቃ መርጠው። ያን ቀን እጃቸውን ሲያነሱ ይህን ያውቁ ነበር። እሳቸው የማያውቁት አንቀጽ አለ እንዴ?

የወረዳው ምክር ቤት በዚያው ቀን ተሰብስቦ ድንበሩን በቤታቸው ዙሪያ አሥር ክንድ ሊያጥፍላቸው ወሰነ። ስሬተንና እኔ ልንነግራቸው ሄድን። በሩ ላይ ቆመው ሰሙን።

«ድንበር ለአንድ ሽማግሌ አይታጠፍም» አሉ። «ዛሬ ለእኔ ካጠፋችሁት ነገ ለባለጌ ታጥፋላችሁ። አይሆንም። ሂዱ፣ ባቄላ ጥጄአለሁ።»

«በፕሪሶይ ምድጃ!» አልኩኝ፤ አልቅሼ ነው ያልኩት፣ አልዋሽም። «እርስዎ ግትር፣ ደረቅ፣ የማይረባ...»

«በፕሪሶይ ምድጃ» አሉና በሩን ዘጉ።

እንግዲህ እኛም ጎርና ሊፓዎች ነን። በቅዳሜው ጠዋት አርባ ሰው መጣ። ግንበኛ፣ መሰላል፣ ጡብ፣ ኖራ። ኦግኒያን ጡብ እንዳይሸከም ቃል አስገብቼው ስለነበር እየተሳደበ ሰው ያሰማራ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሊቀ ወሰን በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው «ምንድን ነው ይሄ? ፈቃድ አላችሁ?» እያሉ ዞሩን። ቀዩን ጭስ ማውጫ ከጣሪያው አወረድነው። ምድጃውን ነቀልነው። በአልጋቸው በኩል፣ ከደጃፉ አጠገብ፣ እንደገና ገነባነው። ድንበሩን ማን ነካ? አንድ ጣት አልነካንም።

አመሻሹ ላይ እሳት ተለኮሰ። ሊቀ ወሰን ሲባጎ አምጥተው ከአሮጌው የድንበር ድንጋይ እስከ አዲሱ ማውጫ ራሳቸው ለኩ። ሁለት ጊዜ ለኩ። አርባ ሰው ሲባጎውን ከብቦ ቆመ።

«አንድ ክንድ ከአራት ጣት» አሉ። «ወደ ውስጥ።»

ከዚያ ከኪሳቸው የነዋሪነት ቅጽ አወጡ። ሞልተው ነበር የያዙት፤ ሁሉም በዚያ ጥንቁቅ የፖስታ ቤት ጽሕፈት፤ የወረዳው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። እስክሪብቶውን ዘረጉልኝ።

«አንቺ ጻፊልኝ፣ ዴሳንካ።»

እንባዬን በጥላሸታም እጄ ጠርጌ ጻፍኩ፦ ጎርና ሊፓ። ወረቀቱን ተቀበሉኝ፣ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ አነበቡ፣ አንድ ፊደል አርመው ፈረሙ።